ከ‹ቱ› ላይ የጎደለች ጭረት

ወንበሯ ከመድረኩ በስተግራ፣ ከመጋረጃው እጥፋት ጀርባ ነው። ተመልካች አያያትም፤ ተዋንያን ግን አንገታቸውን ሳያዞሩ በዓይናቸው ጥግ ያገኟታል። ጭኗ ላይ የተውኔቱ ጽሑፍ፣ ከራሷ በላይ በሽቦ የተንጠለጠለች ትንሽ አምፖል፣ በቀኝ እጇ እርሳስ። ሥራዋ አንድ ነው፤ ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት ሹክ ማለት። በቲያትር ቤቱ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ “እትዬ ሹክሹክታ” የሚሏትም ለዚህ ነው።

ቀላል ሥራ ይመስላል። ችግሩ ዝምታ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ተዋናይ ሆን ብሎ ዝም ይላል፤ ረስቶም ዝም ይላል። ሆን ብሎ ዝም ላለው ሹክ ብትለው ትዕይንቱን ገደለችው፤ የረሳውን ዝም ብትለው ሰውየውን ገደለችው። ሁለቱን የምትለየው በትንፋሽ ነው። ሆን ብሎ ዝም ያለ ሰው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። የረሳ ሰው ትንፋሹ ከላይ ከላይ ይሆናል፤ ተረከዙም ሳይታወቀው ከወለሉ ብድግ ይላል። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው እዚያው ተቀምጣ ያየችው ነው።

ትንፋሽ ብቻውን ግን አይበቃም። ገጸ ባሕርይው በዚያ ቦታ ለምን ዝም እንደሚል ካላወቀች ትሳሳታለች። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተውኔት አንድ ደብተር ትገዛለች፤ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ ገጽ ትሰጣለች፤ በየገጹ አናት ላይ ያንኑ ሦስት ጥያቄ ትጽፋለች። ምን ይፈልጋል? ምን ይፈራል? ለማን ይዋሻል? ሦስተኛው ከሁለቱ ይበልጣል ትላለች። ሰው የሚፈልገውን ይደብቃል፣ የሚፈራውንም ይደብቃል። ለማን እንደሚዋሽ ከታወቀ ግን ሁለቱም ተከታትለው ይወጣሉ፤ አንዱን ክር ሲስቡት ስፌቱ ሁሉ እንደሚተረተር።

በዚህ ዓመት የሚታየው ተውኔት ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ የሚያውቀው የቆየ ትራጄዲ ነው። አንድ ገዥ አለ፤ ደግ የነበረ፣ ሥልጣኑ ሲረዝም ሰው መስማት ያቆመ። አንድ አማካሪ አለ፤ ከገዥው ጋር በአንድ ቤት ያደገ። የጦር አዛዡና ዳኛው አማካሪውን ወደ ሤራ ይጎትቱታል። በሦስተኛው ክፍል ገዥውን ይገድሉታል፤ በአምስተኛው አገሪቱ ከእሱ ዘመን ወደ ባሰ ዘመን ትገባለች። ታሪኩ ይኸው ነው።

የእትዬ ሹክሹክታን ደብተር ላነበበ ግን ታሪኩ ይሰፋል። ስለ አዛዡ እንዲህ ብላለች። “የሚፈልገው ሥልጣን አይደለም፤ ገዥው አንድ ቀን በስሙ እንዲጠራው ነው። ገዥው የውሾቹን ስም ሁሉ ይጠራል፤ የእሱን አንድ ጊዜም አልጠራም። ቆጥሬዋለሁ።” ስለ ዳኛውም እንዲህ፤ “ሕግ በጠቀሰ ቁጥር በሩን ያያል። የሚፈራው ገዥውን ሳይሆን ከገዥው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው።” የአማካሪው ነገር ግን አንድ ገጽ አልበቃውም፤ አሥራ አንድ ወስዷል። ያን ሁሉ ገጽ የበላችው አንዲት ቃል ናት።

አማካሪው በተውኔቱ ሁሉ ገዥውን “አንቱ” ይለዋል። ዛሬ እኛ “እርስዎ” የምንለውን የድሮ ሰው “አንቱ” ይል ነበር። አብረው ያደጉ ቢሆኑም፣ ሁለቱ ብቻቸውን ቢሆኑም፣ አንዴም አያጓድልም። ከዚያ ሦስተኛው ክፍል ይመጣል። ገዥው በሩ ከውጭ መዘጋቱን ያያል፤ አዛዡንና ዳኛውን ያያል፤ ወደ ወዳጁ ዞሮ ይጠይቃል። “ንገረኝ፤ የዚህች አገር ጠላት ማን ነው?”

አማካሪው በአንድ ቃል ይመልሳል። “አንተ።”

ከዚያ ገዥው እስኪወድቅ ድረስ ትንፍሽ አይልም። ተውኔቱን ያስጠራችው ይህች ቃል ናት። አዳራሽ የሞላው ሰው ከተዋናዩ ጋር አብሮ ይላታል፣ ከዚያ ያጨበጭባል። ገበያ ላይ ሁለት ሰው ሲጣላ “ጠላት ማን ነው?” “አንተ!” ይባባላል። አስተማሪዎች ለፈተና ያወጧታል። ንቀት ነው የሚል አለ፤ አይ፣ የልጅነት ፍቅራቸው በመጨረሻዋ ሰዓት ተመልሶ ነው የሚልም አለ። እትዬ ሹክሹክታ ከሁለቱም ወገን ማስረጃ ሰብስባለች፤ አሥራ አንዱን ገጽ የሞላውም ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ዕለት ትርዒት አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ሥራ አስኪያጁ ሁለት ወሬ ይዞ ወደ መለማመጃው ክፍል ገባ። የመጀመሪያውን ለሁሉም ነገረ። የደራሲው ልጅ የአባቷን የእጅ ጽሑፍ ለቲያትር ቤቱ ልትሰጥ ነው። የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ ጽሑፉን በእጇ ይዛ በመክፈቻው ቅዳሜ ትመጣለች። መግቢያው ላይ በመስታወት ሳጥን ይቀመጣል፤ ያውም ያቺ ቃል ያለችበት ገጽ ተከፍቶ።

ሁለተኛው ለእትዬ ሹክሹክታ ነበር። “እትዬ፣ ከመድረኩ ፊት ስክሪን ልናስገባ ነው። ቃሉ እዚያ ላይ ይወጣላቸዋል። ለዚህ ቲያትር እርስዎ አሉ፤ ከዚያ በኋላ እናያለን።”

“ምኑን ነው የምታዩት?”

“ያው… ወንበሩን።”

“ወንበሩንማ አሁንም እያየኸው ነው።”

ተዋንያኑ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ፤ ያለውን ግን አላነሳም። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጡረታዋ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ከዚያ ወንበር ብትነሳ የት እንደምትቀመጥ አስባ አታውቅም።

የደረሰችላት አዘጋጇ ነበረች፤ ቆፍጣና፣ ስትናገር ጠረጴዛ በጣቷ የምትመታ ሴት። “ስክሪን ምን ያውቃል? እሷ ካለች አለች ነው። ይህን ቲያትር ከደራሲው እጅ ተቀብላ የተየበችው እኮ እሷ ናት። አንድ ቃል አልወደቀባትም።”

ሥራ አስኪያጁ ራሱን ነቀነቀ። “እሱስ ልክ ነው። ለልጅቱም ይህንኑ ነው የነገርኳት።”

እትዬ ሹክሹክታ በዚያ ደስታ ገፋፊነት ነው ዕቃ ቤት የወረደችው። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት በስቴንስል የተባዛው የመጀመሪያው ቅጂ ከእጅ ጽሑፉ ጎን ቢቀመጥ ያምራል ብላ። ካርቶኑን አገኘችው፤ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ያቺ ቃል ያለችበትን ገጽ አርባ ሦስትን ከፈተች። ገጹ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በገዛ እጇ፣ ሦስት እርማት አለ። ‹ፊተ› የሚለው ‹ፊቱ› ተብሏል፤ ‹ሠራዊተ› ‹ሠራዊቱ› ተብሏል፤ ‹ሕይወተ› ‹ሕይወቱ› ተብሏል።

እዚህ ላይ ስለ ድሮው የጽሕፈት መኪና ትንሽ መናገር ያስፈልጋል። መኪናው ‹ተ›ን በአንድ ቁልፍ ይመታል፤ ጎኗ ላይ የምትቀጠለውን ጭረት ደግሞ በሌላ ቁልፍ። ሁለቱ ሲገጥሙ ‹ቱ› ይሆናል። ስቴንስል በሰም የተቀባ ወረቀት ነው፤ ቁልፉ ሰሙን ካልበሳው ቀለም አያሳልፍም። በዚያ ሰሞን የጭረቷ ቁልፍ ደክማ ነበር። ትመታለች፣ ድምፅ ታሰማለች፣ አትበሳም።

እትዬ ሹክሹክታ ቁጭ ብላ በሥርዓት ቆጠረች። ገጽ አርባ ሁለት ላይ ከአምስት ‹ቱ› ጭረታቸው የወጣው ሁለቱ ናቸው። ገጽ አርባ ሦስት ላይ አንድም የለም። ገጽ አርባ አራት ላይ ሁሉም ደህና ናቸው፤ የጽሕፈት መኪናው ጠጋኝ የመጣው በሁለቱ ገጾች መካከል እንደነበር ትዝ አላት። ታዲያ በገጽ አርባ ሦስት ጭረት የወጣላት አንዲት ‹ቱ› እንኳ ከሌለች፣ ‹አንቱ› ተብሎ የተመታ ቃል ቢኖር ምን ሆኖ ይወጣ ነበር?

ሦስቱን ያረመቻቸው ስህተትነታቸው ስለሚጮኽ ነው። ‹ፊተ› የሚባል ነገር የለም። ‹አንተ› ግን አለ። ስህተቷ የደህና ቃል ልብስ ለብሳ በፊቷ አለፈች። ግስ ቢከተላት ኖሮ ታጋልጣት ነበር፤ ‹አንቱ ነዎት› እና ‹አንተ ነህ› አይምታቱም። አማካሪው ግን ከዚያች ቃል ሌላ አልተናገረም። ደራሲው በዚያን ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ትርዒቱ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሞተ። የያኔው አዘጋጅ ቃሏን ሲያነቡ መነጽራቸውን አውልቀው “ይህ ሰው ሊቅ ነው” ማለታቸውን ታስታውሳለች።

ካርቶኑን ዘጋችው። ምናልባት ደራሲውም ‹አንተ› ብሎ ይሆናል። ምናልባት።

አራት ቀን ለማንም አልተነፈሰችም። በነዚያ ቀናት አማካሪውን የሚጫወተው ተዋናይ እንደ ልማዱ በየዕረፍቱ አጠገቧ እየመጣ ይቀመጥ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ አምፖል ለመቀየር በርጩማ ስለማያስፈልገው “መሰላል” ይሉታል። ዋና ገጸ ባሕርይ ሲጫወት የመጀመሪያው ነው።

“እትዬ፣ ትናንት የነገሩኝን አሰብኩበት” ይላታል። “‹አንተ› ሲለው እጁን ልዘርጋ ወይስ ልሰብስብ?”

“ዘርጋ” ትለዋለች፤ ዓይኗን ከጽሑፉ ሳታነሳ።

በአራተኛው ቀን ዳኛው ቃል ጠፋበት፤ ተረከዙ ተነሳ፤ እሷ አላየችም። ዝምታው ረዘመ። ስትነቃ አዘጋጇ እያየቻት ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ቆሟል። ሰዓቱን አይቶ ሄደ።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ራት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠ። “አንቺ ሴትዮ፣ ሰሞኑን ጨው ሁለት ጊዜ እየጨመርሽ ነው። ወይ ንገሪኝ፣ ወይ ውኃ አምጪልኝ።”

ውኃውን አመጣችለት፤ ከዚያም ነገረችው። ሳያቋርጥ ሰማት።

“አንድ ጊዜ መስመር ስቼ ሦስት ፌርማታ ሄጃለሁ” አለ። “አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንድ ሰው ‹ሹፌር፣ ወዴት ነው?› አላለኝም። ስላላሉኝ ግን መንገዱ የኔ መስመር አልሆነም።”

“ምን አደረግህ?”

“ዞርኩ። ስዞር ጊዜ ሁሉም አፍ አወጣ። ከአያቴ ጀምረው ሰደቡኝ።” ሳቀ። “ስድብ እኮ እስከ ፌርማታው ነው፤ ከዚያ ይወርዳሉ።”

ሳህኑን ካነሳች በኋላ ደብተሯን አወጣች፤ አዲስ ገጽ ገለጠች፤ ሦስቱን ጥያቄ በሴት አንቀጽ ጻፈች። ምን ትፈልጋለች? ወንበሯን። ምን ትፈራለች? “እሷ ካለች አለች ነው” የሚለው እንዳይቀርባት። ለማን ትዋሻለች? እዚህ ላይ እርሳሱ ቆመ። ለሥራ አስኪያጁ ልትል ነበር፤ ለሕዝቡ ልትል ነበር። በመጨረሻ ጻፈች። ለመሰላል።

በማግስቱ ጠዋት ገጽ አርባ ሦስትን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አዘጋጇና መሰላል ብቻ ነበሩ። ሦስቱን ቀይ እርማት፣ ገጽ አርባ ሁለትን፣ ገጽ አርባ አራትን አንድ በአንድ አሳየቻቸው። ስትጨርስ አዘጋጇ ጠረጴዛውን አልመታችም።

መሰላል ከወንበሩ ተነሳ። “ሁለት ወር ሙሉ ያቺን ቃል ታቅፌ ነው የተኛሁት” አለ። “እርስዎን ነው የጠየቅሁት። ለምን አለ ስል ንቀት ነው አሉኝ፤ ፍቅር ነው አሉኝ። ትናንት እንኳ እጅህን ዘርጋ አሉኝ። እያወቁ። ለካ ያለው የጽሕፈት መኪና ነው። አንቺ ነሽ እንዲህ ያደረግሽኝ። አንቺ።”

ከዚያ ቀን በፊት ከ‹እርስዎ› ወርዶ አያውቅም። ፊቱ ደም ለበሰ፤ ተረከዙ ከወለሉ ተነሳ።

“አሁን ምን ተሰማህ?” አለችው።

“ይቅርታ፣ እትዬ፣ እኔ…”

“ይቅርታው ይደርሳል፤ እኔም አለብኝ። ‹አንቺ› ስትለኝ ምን ተሰማህ? ለሥራ ነው የምጠይቅህ።”

“ቀለለኝ።”

“ከዚያስ?”

“አፈርኩ። ግን መጀመሪያ ቀለለኝ። የሆነ ሸክም የወረደልኝ ያህል።”

“እኔን ነው ያወረድከኝ። አየህ፣ አማካሪውም ‹አንተ› ካለ ወዳጁን ከልቡ አውርዶ ጨርሷል፤ ቀጥሎ የሚገድለው ወዳጁን ሳይሆን ሌላ ሰው ነው። ‹አንቱ› ካለስ?”

መሰላል ቀስ ብሎ ተቀመጠ። “አላወረደውም። እያከበረው ነው የሚገድለው።”

አዘጋጇ በድንገት ገጽ መግለጥ ጀመረች። “አራተኛው ክፍል። የሟቹን ባዶ ወንበር ተሸክመው ሲያልፉ አማካሪው ከመቀመጫው ይነሳል ይላል። ማን ነበር ይሄን የቆረጠው?”

“ሁሉም ቆርጠውታል” አለች እትዬ ሹክሹክታ። “ሃያ ሰባት ዓመት። ‹አንተ ብሎ ለገደለው ሰው ምን አስነሳው› እየተባለ።”

አሁን ጠረጴዛው ተመታ።

ሥራ አስኪያጁ ሲሰማ ግን ፊቱ ዳመነ። ለልጅቱ ስልክ ደወለ፤ አባቷ ከሞተ ጀምሮ ጽሑፉ ያለበት ፖስታ ተከፍቶ እንደማያውቅ፣ የምትከፍተውም እነሱ ፊት ብቻ እንደሆነ ነገረችው። ተመልሶ መጣ። “ሕዝቡ የሚመጣው ለዚያች ቃል ነው። ፖስታው ሲከፈት ‹አንተ› ቢልስ? በስማችን ነው የተጫወታችሁት።”

አዘጋጇ ወደ እትዬ ሹክሹክታ ዞረች፤ መሰላልም ዞረ።

“‹አንተ› ካለ ወንበሩን ራሴ ተሸክሜ አወጣዋለሁ” አለች።

ስድስት ቀን ተለማመዱ። የመሰላል ምላስ አልታዘዝ አለች። ከአሥር አራት ጊዜ ‹አንተ› ታመልጠዋለች፤ ሕፃን ሆኖ የሰማት ቃል ናት።

ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ሞላ። ፊት ወንበር ላይ የደራሲው ልጅ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ቡናማ ፖስታ፣ ከጎኗ ሥራ አስኪያጁ። ሁለት ክፍል በሰላም አለፈ። በሦስተኛው በሩ ተዘጋ።

“ንገረኝ፤ የዚህች አገር ጠላት ማን ነው?”

አዳራሹ ሁሉ አብሮት ሊል አየር ሳበ። መሰላል ዝም አለ። እትዬ ሹክሹክታ ትንፋሹን አየች፤ ይዞታል። ይህ የራሱ ዝምታ ነው፤ ተወችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠረች። ከኋላ በኩል አንድ ሰው ቀድሞ “አንተ” አለ፤ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ያኔ የመሰላል ትንፋሽ ከላይ ከላይ ሆነ። ተረከዙ ተነሳ። በዓይኑ ጥግ ፈለጋት።

ጭኗ ላይ ያለው ጽሑፍ አሁንም ‹አንተ› ይላል። እውነቱ ሳይታይ አላርምም ብላ ትታው ነበር። ስክሪን ቢሆን ኖሮ ያንኑ ባወጣ። ፖስታው ከእሷ አሥር እርምጃ አይርቅም፤ ታሽጓል።

“አንቱ” አለች፤ ሹክ ብላ።

“አንቱ” አለ መሰላል። በተውኔቱ ‹አንቱ› ባለ ቁጥር እንደሚያደርገው ከወገቡ ትንሽ ዝቅ አለ፤ እዚያው ዝቅ እንዳለ እጁ ወደ ቢላዋው ሄደ።

ያጨበጨበ የለም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሴት “ምን አለ?” አለች፤ ጎረቤቷ ክንዷን ያዘቻት። በአራተኛው ክፍል ባዶው ወንበር ሲያልፍ መሰላል ተነሳ፤ ያን ያህል ሰው ባለበት አዳራሽ የወንበሩ ተሸካሚዎች እግር ይሰማ ነበር።

ሲያልቅ መግቢያው ላይ፣ ከመስታወቱ ሳጥን አጠገብ ተሰበሰቡ። ልጅቱ ፖስታውን በጥፍሯ ከፈተችው። ገጾቹን ገለጠች፤ ገለጠች፤ ቆመች። እትዬ ሹክሹክታ መነጽሯን ስትፈልግ መሰላል ከራሷ ላይ አውርዶ ሰጣት።

‹አንቱ› ይላል። ጭረቷ ሁለት ጊዜ ተሰምራለች፤ በሁለተኛው ብዕሩ ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረው።

“አባቴ ይህን ሰው ‹አንቱ እያለ የሚገድል› ይለው ነበር” አለች ልጅቱ። “ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ቀን ሳየው ሐሳቡን ቀይሮ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።”

“ለምን ሳይናገሩ?” አለች አዘጋጇ።

“ሁሉም ሰው ያጨበጭብ ነበራ።”

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። “ሰኞ የስክሪኑ ሰዎች ይመጣሉ። ወንበሩን ለጊዜው እንዳይነኩት እነግራቸዋለሁ።”

“እትዬ፣ ተመቻችተው ይቀመጡ” አለ መሰላል። “እዚህ ቤት ‹ለጊዜው› ማለት አሥር ዓመት ነው።”

እሷ ግን ወደ መጋረጃው ጀርባ ተመልሳ ነበር። መጋረጃው ተሰብስቧል፤ የመድረኩ መብራት ጠፍቷል፤ የእሷ አምፖል ብቻ በርቷል። ተቀመጠች። ገጽ አርባ ሦስትን ገለጠች፤ እርሳሷን ቀረጸች፤ ከ‹ተ› ጎን ትንሿን ጭረት አሰመረች። ትንሽ አየቻትና ደገመቻት።